እንጦጦን በየቀኑ

«አንድ ጊዜ አይተኸው የለም እንዴ? ምን ቀረህ?» ይሉኛል ወዳጆቼ፣ ጠዋት ጠዋት እንጦጦን እንደምወጣ ሲሰሙ። ጥያቄያቸው ደስ ይለኛል፤ መልሱ ረጅም ነዋ! አንዴ ወጥቶ ለሚመለስ ሰው እንጦጦ ማለት ባሕር ዛፍ፣ ብርድና ከተማዋን ከላይ የሚያሳይ ፎቶ ነው። ሌላው ሀብቱ ሁሉ ቀስ እያለ የሚለዋወጥ ስለሆነ ለተመላላሽ ካልሆነ አይገለጥም። እስኪ አረፍ በሉና ዳገቱን መጀመሪያ በወሬ እንውጣው።

ትንሽ ተራራ ነው ስል የሚስቁብኝ አሉ። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ቁጥር ለአውሮፓ ሰው ብትነግሩት ጫማውን ይቀይራል። እኛ ግን የምንነሣው ከባሕር ጠለል አይደለም። ሽሮ ሜዳ ላይ ከታክሲ ስትወርዱ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሜትሩ ግድም አስቀድሞ ተወጥቶላችኋል። የቀረው 600 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጤነኛ ሰው ሳይቸኩል በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። በየቀኑ ሊወጣ የሚችል ተራራ ማለት ይህ ነው። ራስ ዳሸንን በየቀኑ ውጡ ብላችሁ ማንንም አትመክሩም።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስቸግራችሁ ትንፋሽ ነው። ብዙ ሰው «ላይ ኦክስጅን የለም» ይላል፤ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ታችም ላይም ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። አዲስ አበባ መሀል ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምታስገቡት ኦክስጅን ያንሳል፣ ሳንባ ቶሎ ቶሎ ይስባል፣ ልብ ይፈጥናል። ይህ የስንፍና ምልክት ስላልሆነ አትፈሩ። መናገር እስኪያቅታችሁ ድረስ ግን አትሩጡ። ከጓደኛችሁ ጋር እያወራችሁ መውጣት ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማከብረው እምነት አለ፤ ግን ላርመው ነው። «በየቀኑ እንጦጦ መውጣት ደም ይጨምራል» ይባላል። ኩላሊት ኦክስጅን ሲያንሰው ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዝ ሆርሞን እንደሚልክ እውነት ነው። ይህ እንዲሆን ግን ሰውነት ለብዙ ሰዓታት፣ ቀን ከሌት፣ ከፍታ ላይ መቆየት አለበት፤ የአንድና የሁለት ሰዓት ሽርሽር አይበቃውም። የአዲስ አበባ ሰው እንደሆነ እየተኛም ከፍታ ላይ ነው። ዳገቱ የሚለውጠው ልብንና እግርን ነው፤ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም መግፋት ይለምዳል፣ ያኔ ያው መንገድ በዝግታ ምት ይወጣል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጨምሮ ስንቱ ሯጭ እንጦጦ ላይ የለፋው ለዚህም ጭምር ነው።

ደም ከተነሣ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ለከፍታ የተላመዱት ሄሞግሎቢናቸው በዝቶ ነው። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ብዙም ሳይጨምር፣ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን ዝቅ ብሎ ይኖራሉ። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች አካባቢ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምራ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ውጤት ከሁለቱም አይገጥምም። የእኛ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም በባሕር ጠለል ከፍታ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይኸው ሰው ከተራራ ጋር የሚስማማበት ሦስተኛ መንገድ ተባለ። እንጦጦ ላይ ጭድ የተጫነች አህያ እየነዱ፣ እያወሩ የሚያልፏችሁን አዛውንት ስታዩ ይህን አስታውሱ።

ስለ ቁልቁለቱ ባጭሩ። ዳገት ትንፋሽ ይጨርሳል፣ ቁልቁለት ግን ጭን ይሰብራል። ስትወርዱ የጭናችሁ ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነታችሁን ይይዛል፤ እንዲህ ያለው ሥራ የጡንቻውን ክሮች በጥቂቱ ይጎዳቸዋል፣ በማግሥቱ ደረጃ መውረድ ሥቃይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ደስ የሚለው ጡንቻ ይማራል። አንድ ጊዜ ከታመመ በኋላ ያንኑ ቁልቁለት ቢደግሙት ሕመሙ በጣም ይቀንሳል፣ ጥበቃውም ለሳምንታት ይቆያል። በዓመት አንዴ የሚወጣ ሰው ሁልጊዜ ይታመማል፤ የሚመላለሰው ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ይገላገላል።

አሁን ወደ ዛፎቹ እንምጣ፤ ዕድሉን ካገኘሁ ስለ እነሱ እስኪመሽ ማውራት እችላለሁ።

እንጦጦ ጥንት በጽድና በወይራ የተሸፈነ ነበር። ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መናገሻቸውን እዚያ ሲተክሉ ያ ሁሉ ሕዝብና ሠራዊት ለቤትም ለማገዶም እንጨት ፈለገ። ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ስትጀመር ተራራው ሳስቶ ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት ግን እዚያው ላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። እንጨቱ አልቆ ከተማዋ ልትለቀቅ ደረሰች፤ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ቤተ መንግሥት እስከመጀመር ተሄደ። አዲስ አበባን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የተገኘው ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገር ገባ፤ ያመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው ይባላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶ ደረሰ፣ መናገሻው የመዛወሩ ነገር ቀረ፣ የአዲስ ዓለሙም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ይህን ዛፍ በደንብ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እንጦጦ ላይ ሁለት ዓይነት ዕፅዋት ይመስላል። አንደኛው ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ሰማያዊ ነጭ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ያለ ዘንግ ግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተለጠፈ፤ ግንዱን ብትዳስሱት አራት ማዕዘን ነው። ሁለተኛው ረጅሙ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ማጭድ ጎብጦ ይንጠለጠላል፣ አረንጓዴው የጠቆረ ነው። ሁለቱም ያው ነጭ ባሕር ዛፍ ናቸው፤ የልጅነትና የጉልምስና ቅጠሉ እንዲህ ይለያያል። ዛፉ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ አዲሱ ቡቃያም በልጅ ቅጠል ይጀምራል። ስለዚህ ሰማያዊ ቁጥቋጦ የበዛበት ቦታ ስትደርሱ ቅርብ ጊዜ መጥረቢያ ያረፈበት ነው በሉ። በየቀኑ ለሚያልፍ ሰው ይህ የተራራው መዝገብ ነው፤ የቱ ቁጥቋጦ ከወገብ ወደ ራስ እንዳለፈ፣ የቱ ቅጠሉን ማርዘም እንደጀመረ ይከታተላል።

ጎልማሳው ቅጠል ቁልቁል መንጠልጠሉ ምሥጢር አለው። የቀትር ፀሐይ በጎኑ ታልፋለች፣ ውኃ አያባክንም፣ ጠዋትና ማታ ግን በሁለቱም ፊቱ ብርሃን ይቀበላል። ውጤቱን ከሥሩ ስትቆሙ ታዩታላችሁ፤ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጡ ብርሃን ነው፣ ጥላው ሳሳ ያለ ነው። ከዚያ ወጥታችሁ የድሮ ጽድ ወዳለበት አጥቢያ፣ ወደ ማርያም ወይም ወደ ራጉኤል ቅጥር ብትገቡ አየሩ ራሱ ይለወጣል፤ ይጨልማል፣ ይቀዘቅዛል፣ መሬቱ ይለሰልሳል።

ባሕር ዛፍን መራገም ፋሽን ሆኗል። እኔ ከሚራገሙትም ከሚያሞግሱትም አይደለሁም። ውኃ በብዛት እንደሚጠጣ፣ የቅጠሉ ዘይት ሌላ ቡቃያ እንደሚያስቸግር እውነት ነው። ነገር ግን ከሥሩ መሬቱ ራቁቱን የቀረው በእሱ ብቻ አይደለም፤ የረገፈው ቅጠል በየቀኑ ተጠርጎ ስለሚወሰድም ነው። ደረቅ ቅጠል እሳቱ ቶሎ ይንቦገቦጋል፣ ለምጣድ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ያንን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ናቸው፤ ሸክሙ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ጎንበስ ብለው መንገዱን ብቻ እያዩ ነው የሚሄዱት። እኛ ለጤና በምንወጣበት ዳገት እነሱ ለዕለት እንጀራ ይወርዳሉ። ጠባብ መንገድ ላይ ስትገናኙ ወደ ገደሉ በኩል ሳይሆን ወደ ጋራው በኩል ጠጋ ብላችሁ አሳልፏቸው፤ ሸክም የያዘ ሰው ቆሞ መነሣት ይከብደዋል።

አሁን የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። ቅጠሉ ሳይጠረግ በቆየበት፣ ከብትም በማይገባበት ቦታ ከባሕር ዛፉ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉ። የጣት ቁመት ያላት ጽድ ታገኛላችሁ። ትንሽ ራቅ ብሎ ወይራ። ማን ተከላቸው? ወፎች! የጽድና የወይራ ፍሬ ይበላሉ፣ ባሕር ዛፉ ላይ ያርፋሉ፣ ፍሬውን ከሥሩ ይጥሉታል። ጥላው ቡቃያውን ከፀሐይና ከውርጭ ያስጥለዋል። ጽዱን አጥፍቶ ቦታውን የወረሰ የሚመስለው ዛፍ ጽዱን እያሳደገ ነው ማለት ነው። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም፤ ተመራማሪዎች መናገሻ ሱባ ላይ ከተተከሉ የባዕድ ዛፎች ሥር የአገር በቀል ዛፎች ችግኝ በብዛት እንደሚበቅል አሳይተዋል። በምዕራብ በኩል ያለው፣ 700 ሄክታር ገደማ የሚሰፋው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል እየተካ ነው። አንዲት የጽድ ችግኝ ምረጡና ተከታተሏት። በጣም ቀርፋፋ ናት፤ ትዕግሥታችሁን ትፈትናለች።

ጽድ ስታዩ ፍሬ ያላትንና የሌላትን ለዩ። ወንዱና ሴቷ በአብዛኛው የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ ሰማያዊ ጥቁር ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ናት። ኮሶም እንደዚሁ ነው። አያቶቻችን የጠጡት የሴቷን አበባ ነው፤ ቀላ ብሎ ተንዠርግጎ ከሩቅ ይታያል። በጫካው ዳር ዳር ነጭ አበባ ያላት እሾሃማ ቁጥቋጦ ካያችሁ ቀጋ ናት። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በራሷ የበቀለች ጽጌረዳ እሷ ብቻ ናት፤ ብርቱካናማ ቀይ ፍሬዋ ይበላል።

ስለ ወፎች ሁለት ብቻ ልጥቀስ። በማለዳ በመንጋ እየጮኸ ጸጥታውን የሚበጠብጠው፣ ረጅም የጎበጠ መንቁርና ጉሮሮው ላይ የተንጠለጠለ ነገር ያለው ትልቅ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም። ሌላው ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ መንቁሩ የወፈረ ትልቁ ቁራ ነው፤ ከቁራ ዘመዶች ሁሉ ግዙፍ ከሆኑት አንዱ ነው። ለመንገደኛ ደንታ የለውም፣ ጉዳይ እንዳለው ሰው መንገድ ዳር ይራመዳል። ከአውሬ ደግሞ ጅብን በቀን አታዩትም። ነጭ፣ እንደ ኖራ የሚፈረፈር ኩስ ካገኛችሁ ግን የእሱ ነው፤ አጥንት ስለሚፈጭ የአጥንቱ ካልሲየም ነው ያነጣው። ሌሊት ወደ ከተማዋ ወርዶ የጣልነውን በልቶ፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ ላይ ይመለሳል። እኛ በምንነሣበት ሰዓት እሱ ይተኛል።

ወቅቶቹስ? በክረምት ጉም ጫካውን ሲሞላው አንድ ነገር ሞክሩ። ከዛፉ ውጭ ሜዳው ላይ ቁሙ፤ ምንም አይዘንብም። ዛፉ ሥር ግቡ፤ ይንጠባጠባል። ቅጠሉ ከጉሙ ውስጥ ደቃቅ ውኃ እየለቀመ ያወርዳል። በበጋ ደግሞ ትዕይንቱ ታች ነው። ሰማይ በጠራበት ሌሊት መሬት ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል እየወረደ ከተማዋ ላይ ይተኛል፤ ሞቅ ያለው አየር ከላዩ ምጣድ ላይ እንዳለ አክንባሎ ይከድነዋል፣ የምድጃውም የመኪናውም ጭስ መውጫ ያጣል። ጠዋት ከእንጦጦ ወገብ ስታዩ ጭሱ በአንድ መስመር የተቆረጠ ይመስላል። ይህን ለማየት ኅዳር 12ን የሚያህል ቀን የለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ስንቱን ከፈጀ በኋላ በየዓመቱ ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ይታጠናል»፤ የዚያን ዕለት አዲስ አበባ ከላይ ስትታይ ሕንፃ የበቀለበት የጭስ ሐይቅ ናት። ልማዱን እወደዋለሁ፤ ጭሱን ግን ከታች ሆኜ ባልተነፍሰው እመርጣለሁ።

አንድ ቀን ጊዜ ኖሯችሁ አናቱ ላይ ከደረሳችሁ ጀርባውን ተሻግራችሁ ወደ ሱሉልታ የሚያይበት ቦታ ላይ ቁሙ። ከአገራችን ትልልቅ የውኃ ድንበሮች አንዱ ላይ ናችሁ። በደቡቡ ጎን የወረደ ዝናብ በቀበና፣ በግንፍሌ ወይም በቀጨኔ አድርጎ ከተማዋን አቋርጦ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በሰሜኑ ጎን፣ ጥቂት እርምጃ ርቆ የወረደው ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ሙገርን፣ በሙገር አድርጎ ዓባይን ይይዛል፤ በሕዳሴው ግድብ፣ በካርቱም፣ በካይሮ አልፎ ሜዲትራኒያን ይገባል። የነፋስ ግፊት ብቻ ነው የሚለያቸው! ይህን ለልጆች እዚያው ቆማችሁ አስረዷቸው፤ ወዲያው ውኃ ይደፋሉ፣ በሁለቱም በኩል።

መጀመር የምትፈልጉ ከሆነ ጥቅምት ጥሩ ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፣ የሚያንሸራትተው ጭቃ ደርቋል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው። ብቻችሁን አትውጡ፣ በተለይ ሳይነጋ ዋናውን መንገድ ለቃችሁ ጫካ አትግቡ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ አድርጉ። ቆብ አትርሱ፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ከታች ይልቅ ታቃጥላለች። ጸበል ከሚወርዱት ጋር ከተገጣጠማችሁ ቀስ በሉ፣ ብዙዎቹ ሕመምተኞች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ መንገዱ የተስተካከለ ስለሆነ አረጋዊ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ይመቻል፤ ለዕለት ዕለቱ ግን እኔ ከሽሮ ሜዳ በእግር የሚወጣውን እመርጣለሁ። አናት ድረስ በየቀኑ መድረስም ግዴታ አይደለም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከታክሲ ማዞሪያው ከተነሣችሁ 40 ደቂቃ ወጥታችሁ፣ እስትንፋሳችሁን ሰብስባችሁ ስትወርዱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ታክሲ ውስጥ ናችሁ፤ ቁርስ በልቶ ሥራ ለመግባት ይበቃል።